የጎደለችው አ

አራሚዋ ገጽ ሦስት ላይ ስትደርስ ቀዩ እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ። «በሦስተኛው ሳምንት ሕመምዎ ሊብስ ይችላል፤ አይደንግጡ። መባስ የመዳን በር ነው» ይላል ጽሑፉ።

ከግድግዳው ወዲያ ሁለቱ የማተሚያ ማሽኖች ሲንኳኩ ጠረጴዛዋም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ይህን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። ከስምንት ወር በፊት ታላቅ እህቷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተንጋላ፣ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ከጭኗ በታች ባዶውን ተኝቶ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በቃሏ አነብንባላታለች።

ወረቀቶቹን ገልብጣ ሽፋኑን አየች። «የሁለንተናዊ ፈውስ ማዕከል። ታካሚ ምን ይጠብቃል? የአሥራ ሁለት ሳምንት መመሪያ። የታረመ እትም።»

«ና ግባ» አለች በሆዷ። «በእግርህ መጣህልኝ።»

እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆማ የሰው ራስ ስታሳምር ኖራ፣ ስኳር ያዛት። መርፌው ሰለቻት። አንዲት ደንበኛዋ ጭንቅላቷን ሰጥታ እንደተቀመጠች ስለ ማዕከሉ አጫወተቻት፤ መመሪያውንም ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። እህት ሄደች፤ ለታናሿ ግን ትንፍሽ አላለችም። በኋላ ምክንያቷን ስትጠየቅ «አንቺ ያየሽውን ሁሉ ታርሚያለሽ፤ እኔንም ልታርሚኝ ነዋ!» ብላለች።

መመሪያው ዋሽቷል ማለት ደግሞ ግፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ድካም ይጠብቁ ይላል፤ ደከማት። በሁለተኛው ጥማት ይጠብቁ፣ ሰውነት ራሱን እያጠበ ነው ይላል፤ ሌሊትና ቀን ውኃ ስትጋት ከረመች። በሦስተኛው ሊብስዎ ይችላል ይላል፤ ባሰባት። በስምንተኛው «መርዙ በእግር በኩል መውጣት ይጀምራል፤ ቁስል ቢያዩ ደስ ይበልዎ» ይላል፤ አውራ ጣቷ ሥር ቁስል ስታይ ደስ አላት። ቅጠሉን ጠጣች፣ ጀርባዋን በዘይት ታሸች፣ በአፍንጫዋ ስባ በአፏ ተነፈሰች፣ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። የተሳሳተው የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። «ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሙሉ ሰው ሆነው ይወጣሉ» ይላል።

«ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም ሲሉ እሰማ ነበር» አለች እህት ያን ቀን ሆስፒታል። «የኔን ግን ከነጉልበቱ ጣሉት።» ከዚያ መመሪያውን ከትራሷ ሥር ጎትታ አወጣች። ገጽ ዘጠኝ ላይ «መርፌና ክኒን መውሰድ ያቁሙ» ይላል። የኋላ ሽፋኑ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስም አለ፤ ታናሽ እህቷ የምትሠራበት።

«ይህን የጻፈውን አልምርም» አለች። «ይህን አይቶ ያሳለፈውንም አልምርም። ማነው እናንተ ዘንድ ያነበበው?»

አራሚዋ ያኔ ለአፍታም አላመነታችም። በዚያ ዘመን ሁለት ነበሩ፤ እሷና አንድ ሽማግሌ አራሚ። ይህን ጽሑፍ እሷ ማንበቧ ትዝ አይላትም። ስለዚህ ሽማግሌው ነው። ሽማግሌው ደግሞ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሞቷል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ አልልም» አለች እህት። «አድርጎኛል! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ክሱን ለጤና ቢሮ አቀረበች። ስምንት ወር አመላለሷት። በመጨረሻ ቀን ሰጧት፤ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

አራሚዋ ይህን ሁሉ እያሰበች ገጽ ዘጠኝ ደረሰች። ድሮ «ያቁሙ» ይል የነበረው አሁን «አያቁሙ» ሆኗል። አንዲት አ ጨምሮ ሊያመልጥ ነው። ቁጣዋ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ጆሮዋ ላይ ወጣ።

የምትሠራውን ያወቀችው ከሠራችው በኋላ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ታካሚዎችን ማዳን የሕይወት ጥሪያችን ነው» የሚል ነበረ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ዳ-ዋን ደ አደረገቻት። «ታካሚዎችን ማደን የሕይወት ጥሪያችን ነው» ሆነ። ደ እና ዳ የሚለያዩት በእግር ነው፤ የአንደኛዋ ሁለቱም እግሮች እኩል ናቸው፣ የሁለተኛዋ አንዱ ያጥራል። እህቷ ይህን ብትሰማ ሆዷን ይዛ እንደምትስቅ አሰበችና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። በማተሚያ ቤቱ ደንብ ደንበኛው የመጨረሻውን ናሙና አንብቦ «ይታተም» ብሎ ከፈረመ፣ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ስሕተት ሁሉ የእሱ ነው። ናሙናውን አዲስ አተመችና ጠበቀችው።

እኩለ ቀን ሳይሆን የመመሪያው ጸሐፊ፣ የማዕከሉ ኃላፊ መጣ። እህቷ «ለስላሳው» ትለዋለች፤ እውነትም ለስላሳ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ለስላሳ፣ ጫማው እንኳ ሲረግጥ አይሰማም። ዕድሜው ከአርባ አያልፍም፤ ሲናገር ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ያክላል።

«እህት ዓለም፣ አደከምንዎት አይደል?» አላት ወንበር ስቦ።

«ሥራዬ ነው። ይህን አንብበው ይፈርሙ። እያንዳንዱን ቃል ይዩልኝ።»

ገጾቹን በአውራ ጣቱ እንደ ካርታ ፈርፈር አደረጋቸው። «የጻፍኩትን መልሼ ምን አነበዋለሁ?» አለና ሰማያዊ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ፈረመ። ጅራቱ ረጅም፣ ከወረቀቱ ሊወጣ ምንም ያልቀረው ፊርማ ነው። አራሚዋ ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አላገኘችም። ታካሚ አዳኝ መሆኑን ራሱ አምኖ ፈረመላት!

ደስታዋ ግን ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከቢሮው ጠራት። ለስላሳው ቀድሟት ገብቶ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የማተሚያ ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለ።

«ነይ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለ ባለቤቱ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ደንበኛ ሲቆጣ ጉልበት የለውም። «የድሮው እትም ላይ አንዲት ፊደል ዘለናል አሉ። ይህችን ብቻ ፈርሚላቸው።»

ደብዳቤውን አነበበች። በማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍል ስሕተት «አያቁሙ» የሚለው ቃል «ያቁሙ» ተብሎ መታተሙን እናረጋግጣለን ይላል። ከሥሩ የእሷ ማዕረግ ተጽፏል፤ ፊርማዋ ብቻ ነው የቀረው።

«አንዲት አ ናት የጎደለችው» አለ ለስላሳው። «እኔ አያቁሙ ብዬ ጻፍኩ፣ እዚህ አ-ዋ ተበላች። ይኸው አንዲት ሴትዮ አንብባ መርፌዋን ጥላ እግሯን አጣች። ነገ ጤና ቢሮ ትከሰኛለች። ምስኪን ናት፤ ሕመም ነው የሚያናግራት። እኔ ከልቤ ይቅር ብያታለሁ።»

ይቅር ብሏታል! አራሚዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። የሰው እግር ወስዶ ይቅርታ የሚሰጥ ሰው አይታ አታውቅም።

«የዚያን ጊዜ ያነበበው ሽማግሌው ነው መቼም» አለ ባለቤቱ። «ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም። ለማን ብለሽ ትጨነቂያለሽ? አንዲት አ ምን ታመጣለች?»

«የድሮውን ፋይል ሳላይ አልፈርምም፣ ጋሼ።»

ለስላሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ሁለት ዓመት ሆነው እኮ። አሁን ድረስ ይኖራል ብለው ነው?»

«እኛ ቤት ወረቀት አይጣልም» አለችና ወጣች።

መዝገብ ቤት የሚሉት ከማሽኖቹ በስተጀርባ ያለ መስኮት አልባ ክፍል ነው። የቀለምና የእርጥብ ካርቶን ሽታ አለው። የዚያን ዓመት መደርደሪያ አግኝታ ካርቶን በካርቶን አወረደች። የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የጫማ ፋብሪካ የቀን መቁጠሪያ። አቧራው አፍንጫዋ ገባ። አምስተኛው ካርቶን ሥር፣ በጎማ የታሰረ ቀጭን ፋይል አገኘች። ገጽ ዘጠኝን መዘዘች።

«መርፌና ክኒን መውሰድ ያቁሙ» ይላል። ያቁሙ ከሚለው ሥር ቀይ መስመር ተሠምሯል። ከጎኑ በቀይ፣ «አያቁሙ ለማለት ነው? ይጣራ» የሚል አለ። ከእሱ ቀጥሎ በሰማያዊ፣ በወፍራም እጅ፣ «አይደለም። ያቁሙ። ሰውነት ለሁለት ጌታ አይገዛም» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ያ ጅራታም ፊርማ።

«ያዝኩህ!» አለች ጮክ ብላ። ማሽኖቹ ባይጮኹ ኖሮ ባለቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር። አ-ዋ አልተበላችም፤ ፍለጋ ሄደው፣ በር አንኳኩተው፣ ትግባ ወይ ብለው ጠይቀውት፣ እሱ አትግባ ብሎ ነው የመለሳት። በራሱ እጅ፣ በራሱ ፊርማ። ይህን ነገ ሰዎቹ ፊት ስትዘረጋው ፊቱ የሚሆነውን አሰበች፤ ማዕከሉ ሲታሸግ፣ በሩ ላይ ወረቀት ሲለጠፍ፣ ያ ለስላሳ እጅ ላብ በላብ ሲሆን። እያንዳንዷን እየቆረሰች አጣጣመቻት።

ከዚያ ቀዩን ደግማ አየችው።

የሽማግሌው ጽሑፍ ቀጥ ያለ፣ የድሮ ቁም ጸሐፊ እጅ ነበር። ይህ ወደ ግራ ያዘነብላል። በዚህ ማተሚያ ቤት ወደ ግራ የሚያዘነብል ጽሑፍ ያላት አንዲት ሰው ናት፤ በግራ እጇ የምትጽፈው እሷ ራሷ።

ወረቀቱን ይዛ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ለማስታወስ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም፤ ቀኑም፣ የለስላሳው ፊትም። በወር ሠላሳ ጽሑፍ ታነባለች፤ ዓይኗ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አይዝም። ግን ጠይቃለች። ነገሩ ጤነኛ እንዳልሆነ ገብቷት ቀይ መስመር አስምራ ጠይቃለች። መልሱ መጣላት፤ ደንበኛው ያለው ነው ብላ ገጹን ገለበጠች። ከዚያ ምሳዋን በልታ ይሆናል። የተወጋ አይረሳም ስትባል ራሷን ስትነቀንቅ የከረመችው፣ ከወጉት አንዷ ሆና ረስታ ነው።

«እኔ የማርመው ፊደል ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለች ለራሷ። ሌላ ጊዜ ደንበኛ ሲነዘንዛት የምትለው ነው። አሁን አልሆነላትም፤ ደግማ ለማለትም አፈረች።

ይህን ገጽ ለሁለት መቅደድ አይቻልም። ቀዩና ሰማያዊው አንድ መስመር ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ነው የተጻፉት። ለስላሳውን የሚጥለው ወረቀት እሷንም ይዞ ይመጣል። በስልኳ አጉልታ ሰማያዊውን ብቻ ፎቶ ማንሳት አማራት፤ ቢሮዎቹ ግን ዋናውን ካላዩ እንደማያምኑ ከእህቷ ጋር ስምንት ወር ስትመላለስ አይታለች። ደግሞም ቀዩ ላይ ስም የለም። ሽማግሌው ነው ብለው ባለቤቱም እህቷም ደምድመዋል። ሙት ተነሥቶ አይከራከር።

ገጹን ፖስታ ውስጥ አድርጋ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ኮምፒውተሩን ከፍታ ማደንን ማዳን አድርጋ መለሰችው። የገዛ ቀልዷ አስጠላት፤ እንዲህ ያለ ቂም በፊደል ጨዋታ አይወጣም። ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለችውን አ ሦስት ጊዜ አየቻት፤ አለች። ለስላሳውን ብትጠቅምም፣ ነገ መመሪያውን ለሚያነቡትም ትጠቅማለችና እንዳለች ተወቻት።

ባለቤቱ ቢሮ ስትገባ ለስላሳው ደብዳቤውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«አልፈርምም» አለች።

«ምነው አንቺ ልጅ? በሥራሽ አትቀልጂ እንጂ!»

«እየቀለድኩ አይደለም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጤና ቢሮ ነኝ፤ ስለማረፍድ አስቀድሜ ላስታውቅዎ ብዬ ነው።»

ለስላሳው ፈገግታውን እንደያዘ ዞረ። «ሴትዮዋን ያውቋታል እንዴ?»

«እህቴ ናት።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ሰው ጥሎት የሄደ ዕቃ ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ። ቀጥሎ ዓይኑ ፖስታው ላይ አረፈ። እጁን ዘረጋ። «እሱ የኔ ጽሑፍ ነው፤ የደንበኛ ንብረት ነው።»

«አዎን፣ የእርስዎ ነው» አለች። «ፊርማዎ አለበት። ነገ ይረከቡታል።»

ሲወጣ የጫማውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች፤ ባለቤቱም በሩን አይቶ ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እህቷ ቤት ደረሰች። የፊተኛዋ ክፍል ድሮም ፀጉር ቤት ናት፤ አሁን መስተዋቱ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ደንበኞች አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሠሪዋ ከኋላቸው ባለ ጎማ ወንበር ላይ ሆና ትሠራቸዋለች። የመጨረሻዋ ሴት ሹሩባዋን እየዳሰሰች ወጣች። ክራንቾቹ ጥግ ላይ ተደግፈዋል።

«ያዝነው ብለሽ ደውለሽ ከዘጋሽ ወዲህ የሦስት ሰው ፀጉር አጣምሜያለሁ» አለች እህት። «የታለ?»

«ይኸው፣ እታለም።»

እህት ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መልሳ ሰጠቻት። ስኳሩ ከእግሯ ሌላ ዓይኗንም ቀምሶባታል፤ ፀጉር በጣቷ ታያለች፣ ፊደል ግን ይሸሻታል። «አንብቢልኝ። አንዲት ነጥብ እንዳትዘልዪ። ነገ ፊቱ ላይ በቃሌ ነው የምወጣው።»

አራሚዋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «መርፌና ክኒን መውሰድ ያቁሙ» ብላ የታተመውን አነበበች።

«እሱን አውቀዋለሁ። ቀጥሎስ?»

ቀጥሎ ቀዩ ነው። ዘልላ ሰማያዊውን ብታነብ ማንም አይይዛትም። ጣቷን ቀዩ ሥር አደረገች። «ከጎኑ በቀይ፣ አያቁሙ ለማለት ነው፣ ይጣራ ይላል። በሰማያዊ ደግሞ እሱ፣ አይደለም፣ ያቁሙ፣ ሰውነት ለሁለት ጌታ አይገዛም ብሎ ፈርሟል።»

እህት ጭኗን በጥፊ መታች። «በፊርማው! በገዛ ፊርማው! አለቀልህ፣ ለስላሳው! ቤትህ ይዘጋል፣ የምትሸሸግበት ታጣለህ!» ሳቋ ክፍሉን ሞላው፤ ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ወዲያው ግን ሳቋ ከመሃል ተቆረጠ። «ቆይ። ቀዩን ድገሚልኝ።»

«አያቁሙ ለማለት ነው? ይጣራ።»

«ጠይቆታል ማለት ነው! ሰው እንደሚጎዳ ገብቶት ጠይቆ፣ መልሱን አይቶ አሳለፈው? አላየሁም ቢል እንኳ ይሻል ነበር። የኔ እግር ያለው እዚህች መስመር ላይ ነው እኮ!» ማበጠሪያዋን ጨብጣ ወደ ታናሿ ጎንበስ አለች። «ያ ሽማግሌ! አፈሩ ይክበደው። ሞተና አመለጠኝ። እሱ ነው አይደል?»

ራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ቃል እንኳ አያስፈልግም። አራሚዋ የእህቷን ፊት አየች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፀጉሯን ስትሠራት በመስተዋት የምታየው ፊት ነው። ቂም ሲይዝ እንዴት እንደሚጠቁር፣ ምን ያህል እንደሚቆይም ታውቃለች።

«ሽማግሌው አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«ቀዩ የኔ ነው፣ እታለም።»

ማበጠሪያው እህት እጅ ላይ ቀረ። መንገድ ላይ አንድ መኪና ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። አራሚዋ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠበቀች፤ እንድታቅፋትም እንድትመታትም አልጠበቀችም።

«ድገሚው» አለች እህት።

ደገመችው።